ከታችኛው መስክ የወጣው

መስከረም 23 ቀን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ

ለልጄ፣ ለሚጢዬ፤

ወረቀቱ ቢሸትሽ አትደነቂ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ በኮምጣጤ አሸሁት፣ በአመድ ሳይቀር ፈተግኩት፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ግን አልወጣ ብሎኛል። ሰሞኑን ዳቦ የምቆርሰው በጓንት ነው። አባትሽ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ይህ አምስተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን የቀደድኳቸው ጤናሽን ጠይቀው፣ ስለ ዝናቡ አውርተው፣ ምንም ሳይናገሩ ስላለቁ ነው። አራተኛው ደግሞ ከላይ እስከ ታች አባትሽን የሰደብኩበት ነበር፤ መልሼ ሳነበው እኔኑ አሳፈረኝ። በዚህኛው ግን የመጣው ይምጣ፣ እስከ መጨረሻው እጽፋለሁ። አንቺም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። መሀል ላይ ንዴት ይዞሽ ብትወረውሪው እንኳ ቆይተሽ አንሺው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ለጤናሽ የሚያስፈልግ ነገር አለ።

አድራሻሽን የሰጠችኝ አክስትሽ ናት። አትቆጫት። ዘጠኙን ዓመት ሙሉ ስለምናት አንድ ጊዜ እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አሁን የሰጠችኝ ምን ልጽፍልሽ እንደሆነ ቁጭ ብዬ ከነገርኳት በኋላ ነው። አውቶቡስ እንደምትነጂም ነገረችኝ። ትራክተር ስትለማመጂ ሁለት ጊዜ አጥር ያፈረስሽ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ስልሳ ሰው ጭነሽ ስትሄጂ በሐሳቤ አየሁሽና ብቻዬን ሳቅኩ። ከነሐሴ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሣር ነው። ሰኔ ላይ አባትሽ ከላሞቹ ቤት ጣራ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። አሁን በሁለት ምርኩዝ ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ያዛል። ግን ወደ መስክ መውጣት ስለማይችል ሥራው በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ። እስከዛሬ እንዴት እንደኖርን ታውቂዋለሽ፤ አላቢዋ እኔ፣ አሳቢው እሱ። የትኛው መስክ ይታረስ፣ ምን ይዘራ፣ የቱ ይረፍ የሚለው አንድም ቀን ለእኔ ተትቶ አያውቅም። ሲተውልኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የታችኛውን መስክ ነው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያ መስክ እያደር ከፋ። ዳር ዳሩ አሮጌ ሣር አለው፤ መሀሉ ግን ቱልትና እሾህ ብቻ ነው፤ እሱም ቅጠሉ ዳር ዳሩን ቢጫ ሆኖ። ላሞቹ እስከ አንድ መስመር ድረስ ይግጣሉ፣ ከዚያ አሽትተው ይመለሳሉ። አባትሽን በጠየቅኩት ቁጥር «ውሃ ያዘለ መሬት ነው፣ ተይው» ይለኛል። እኔም እተወዋለሁ። መተው እንዴት እንደሚቀለኝ ታውቂያለሽ።

ዘንድሮ ግን አሮጌውን ሣር አስገልብጬ፣ ብርዱ ሳይገባ አዲስ ዘር ላለብሰው ቆረጥኩ። ዘር ሻጩ ጋ ሄጄ አራት ዓይነት ሣርና ሁለት ዓይነት ማገጥ፣ ያን ከብት የሚወደውን መኖ፣ ነጭ አበባውንና ቀይ አበባውን፣ አስቀላቀልኩ። ለምን አንድ ዓይነት ብቻ እንደማይበቃ ስጠይቀው ጎበዝ መምህር ሆነብኝ።

«አንዱ ቶሎ በቅሎ መሬቱን ይሸፍናል፣ አንዱ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ድርቅ ይችላል፣ አንዱ ላም ብትረግጠው አይሞትም። ማገጡ ደግሞ አፈሩን ያደልባል፣ ለሁሉም እሱ ነው የሚመግብ። ብቻ ይፍጠኑ፤ ሥር ሳይዝ ውርጭ ከደረሰበት አፈሩ ያብጥና ነቅሎ ይጥለዋል።»

ከረጢቱን ቤት አምጥቼ ፈትቼ አሸተትኩት። የደረቀ ሣር፣ የፀሐይ፣ የንጹሕ ነገር ሽታ። የማገጡ ፍሬ አሸዋ ነው የሚመስል፣ በጣት መሀል ያመልጣል። ደስ አለኝ። ይሄን የምነግርሽ ከዚህ በኋላ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ደስ የሚል ሽታ ስለሌለ ነው።

ነሐሴ ላይ እንዲያርስልኝ የጠራሁት ጎረቤታችንን ባለትራክተሩን ነው፤ አንቺ «ጭምቱ» የምትዪውን። አሁንም ጭምት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። እኔ ከላይ አጥር እየጠገንኩ ነበር። ወደ አራት ሰዓት ገደማ የሞተሩ ድምፅ ቀጥ አለ። ቀና ስል ከትራክተሩ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዟል። የታመመ መስሎኝ ሮጥኩ። ስደርስ አፉን በእጅጌው እየጠረገ ነው። ቁርሱ እግሩ ሥር ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ከብት ቀብራችሁ ነበር?» አለኝ።

«ኧረ አልቀበርንም።»

«እንግዲያው ይምጡና ይዩ። አፍንጫዎን ይያዙ።»

አየሁ። ማረሻው የገለበጠው አፈር አይደለም። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ረጋ ቅባት የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ውስጡ ፀጉር አለ፤ እንደ ተጨመቀ ፍራሽ ጥቅልል ጥቅልል ያለ ፀጉር። የቆዳ ቅዳጅ አለ፣ ግራጫ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ፣ ትናንት የተቆረጠ የሚመስል፤ ያን ሁሉ ዓመት ተቀብሮ ትል እንኳ አልነካውም። ላስቲክ ጓንት አለ። የተቀደደ ማዳበሪያ ከረጢት አለ። ከሁሉ ከሁሉ አንዱን ቁራጭ በአካፋ ስገለብጠው ጆሮ ሆኖ ተገኘ። የላም ጆሮ፣ የቁጥር ምልክቱ ሳይወልቅ። ሽታውን ልነግርሽ አልችልም። የበሰበሰ ብቻ ቢሆን የገበሬ አፍንጫ ይችለዋል። ይሄ የበሰበሰና የመድኃኒት ቅልቅል ነው፤ አፍ ውስጥ ገብቶ ምላስ ላይ ይቀመጣል። እኔም ከጭምቱ ጎን ጎንበስ አልኩ።

ቤት ስገባ አባትሽ የተቀቀለ እንቁላል እየበላ ነበር። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። የረገጥኩበት ሁሉ ጥቁር አሻራ ቀረ።

«ምን አገኘሽ?» አለኝ። ተመልከቺ፣ «ምን ሆንሽ» አይደለም ያለኝ። ሽታው ከእኔ ቀድሞ ደርሶታል።

«ያገኘሁትን አንተ ታውቀዋለህ።»

እንቁላሉን ጨው ነክሮ ጎረሰ። አላመጠ። ዋጠ። «ያረጀ ነገር ነው» አለ። «ምን ይቀሰቅሰዋል? ባለትራክተሩ መልሶ አፈር ያልብሰውና ዘርሽን ዝሪበት። በሚያዝያ አረንጓዴ ሲሆን ማን ያየዋል?»

አስኳሉ ከንፈሩ ላይ ተለጥፏል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከዚህ አፍ ጋር አንድ ገበታ በልቻለሁ። ያን ቢጫ ነገር እያየሁ፣ ከመስኩ ይልቅ እሱ ቀፈፈኝ። ይሄን ለልጅ መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ነውሩን እስከዛሬ እየመረጥን ደብቀን እዚህ ደረስን።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሽዋለሽ። ጥጃዋ ወንዙ ዳር ሞታ ያገኘሻት ቀን። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እጅሽ እስከ ክርንሽ ድረስ በሽፍታ ቀልቶ፣ ጫማሽን በጭቃ ለውሰሽ ገብተሽ፣ የቆዳ ፋብሪካው መኪና በታችኛው መስክ ቆሻሻ እየደፋ ነው፣ ወንዙም የውሃ ጉድጓዱም ተበላሽቷል ብለሽ ተናገርሽ። ክፋቱ፣ የፋብሪካው አለቃ ያን ቀን እኛ ቤት ምሳ ተጋብዞ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አባትሽ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ልጄ ሥራ ስትጠላ ተረት ትፈጥራለች» አለ። አለቃው ሳቀ። አባትሽ እንግዳውን ይቅርታ እንድትጠይቂ አዘዘሽ። አንቺ እኔን አየሽ።

እኔ ያልኩትን አንቺም እኔም አንረሳውም። «ይቅርታ ጠይቂና ይለቅ» ነው ያልኩሽ። ሾርባ እየጨለፍኩ። ቀና ሳልል።

በሳምንቱ ሄድሽ።

ወደ ነሐሴ ልመለስ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ወዲያው ጀግና አልሆንኩም። ከአባትሽ ጋር ስነታረክ ዋልኩና ማታ ላይ ደከመኝ። ምናልባት መልሼ ላልብሰው ይሆን ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ብርዱ እየመጣ ነው፣ ዘሩ ተገዝቷል፣ ሰው ምን ይላል፣ ወተታችንን ማን ይገዛል። በማግስቱ ጠዋት ጭምቱ ሲመጣ «እስቲ ላይ ላዩን አልብሰው፣ በኋላ እናስብበታለን» አልኩት።

ቁልፉን ከትራክተሩ ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«እትዬ፣ እኔ መልሼ አላለብሰውም። ሌላ ሰው ይፈልጉ። ጥጆቼን የማጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው። ልጅትዋ ያኔ ተናግራ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ሁለተኛ ዝም አልልም።»

በሃያ ዓመት ጉርብትና ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው። ተናግሮ ሲጨርስ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ቤት ገብቼ ስልኩን አንስቼ የአፈርና ውሃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። የራሴን ስም እየተናገርኩ የሌላ ሰው ስም የምናገር ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ባለሙያ መጣች። ካንቺ ብዙም የማትበልጥ፣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ከመስኩም፣ ከወንዙም፣ ከጉድጓዱም በጠርሙስ በጠርሙስ ቀዳች። ከዚያ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ወረቀቷን ዘርግታ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የተደፋው? ማን ደፋው?»

አባትሽ ምርኩዙን ግድግዳ አስደግፎ፣ እንደ ሽማግሌ ተረጋግቶ መለሰ። «እኛ ምኑንም አናውቅም። ፋብሪካው ከተዘጋ አምስት ዓመቱ ነው። ሰው ሳያየን ጥሎብን ሄዶ ይሆናል።»

ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ እማማ?»

አባትሽ አላየኝም። ማየት አላስፈለገውም፤ ምን እንደምል ሠላሳ ሁለት ዓመት ያውቃል።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

ሚጢዬ፣ አይቻለሁ። ላንቺ ደግሜ ልጻፈው። የወተት ጣሳ ከማጥብበት መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሦስት ጠዋት አይቻለሁ። ሸራ የለበሰ መኪና ነው። የአጥሩን በር የሚከፍተው አባትሽ ራሱ ነበር። ለላሞቹ ቤት ቆርቆሮ ሊሰጡት ተስማምተው ነው፤ ጣራው ላይ አሁን ያለው፣ የወደቀበት። ለእኔ ደግሞ አለቃው ቡናማ የቆዳ ቦርሳ አመጣልኝ፣ ለስላሳ፣ የነሐስ መቆለፊያ ያለው። ተቀበልኩ። አመሰገንኩ። አክስትሽ ስትዳር ይዤው ሄጄ ሰው ሁሉ አድንቆልኛል። ይሄ ሁሉ የሆነው ጥጃዋ ከመሞቷ ሁለት ወር በፊት ነው። አንቺ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ስትናገሪ የምትይው እውነት መሆኑን ከአባትሽና ከአለቃው ሌላ የማውቅ ሰው እኔ ነበርኩ።

ባለሙያዋ ሁሉንም ጻፈች፣ አንድም ጊዜ ፊቷን ሳትለዋውጥ። ጨርሳ ስትነሳ እጇን ዘረጋሁላት፤ ጨበጠችኝ፣ ግን ከወጣች በኋላ ቧንቧው ጋ ቆማ እጇን ስትታጠብ በመስኮት አየኋት። ከመስኩ ጭቃ የተነሳ ይሆናል። እኔ ግን እንደዚያ አልመሰለኝም።

መኪናዋ እንደወጣ አባትሽ እንዲህ አለኝ፦ «አብረሽኝ አልነበርሽም? አሁን አንቺ ንጹሕ ልትሆኚ ነው?»

ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተናገረው ሁሉ እውነት የሆነችው ይቺ ብቻ ናት። ለዚህም ነው ከሁሉ በላይ ያስጠላችኝ። ያን ዕለት ፍራሼን ወደ ልብስ መተኮሻው ክፍል ወሰድኩ። ምግቡን እሠራለታለሁ፣ የዳሌውን ቁስል አጥብለታለሁ፤ አብሬው ግን አልበላም። ምግቡን ስለሚያላምጥ ብቻ የሚያስጠላሽ ሰው ጋ መኖር ምን እንደሚመስል አይድረስብሽ። ደግሞ እሱም እኔን ሲያይ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ቁፋሮ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ቆፋሪ ማሽንና የተሸፈኑ መኪናዎች ላከ። አራት ቀን ሙሉ ሲያወጡ ሲጭኑ ዋሉ። ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ አጥር ላይ ተደርድሮ አየን። ማሽኑ የማይደርስበትን ዳር ዳሩን እኔና ጭምቱ በእጃችን ለቀምን። ስልሳ ሦስት ከረጢት። ጓንት ነበረን፣ ግን ሁለተኛው ቀን ላይ የእኔ ተቀደደና መቀየር ሰነፍኩ፤ ጥፍሬ ሥር ያለው የዚያ ነው። ቦርሳውንም ከቁም ሳጥን አውጥቼ አንዱ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። ጭምቱ አየኝና የከረጢቱን አፍ አሰረው።

ወተቱን እስኪመረመር እንዳንሸጥ ስለተከለከልን አሥራ አንድ ቀን ጠዋትና ማታ አልቤ ደፋሁ። በኋላ ደህና ነው ተባለ፤ ላሞቹ ከእኛ የተሻለ አእምሮ ስለነበራቸው መሀል መስኩን አልነኩትም። እኔ ግን እስካሁን ወተት ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል።

የተቆፈረው ቦታ ከኮረብታው በመጣ አፈር ተሞላ። ባለሙያዋ መስኩን ዞራ አይታ እንዲህ አለች፦ «አሁን ሳይዘራ ከከረመ ዝናቡ የቀረውን ሁሉ ወደ ወንዙ ያወርደዋል። ያንን የገዙትን ዘር በሙሉ ይዝሩበት፣ ሥሩ አፈሩን ይያዘው። ግን ለሦስት ዓመት ከብት አይግባበት። አጭዳችሁም አታብሉ።»

አባትሽ ሲሰማ «ላም የማትበላውን ሣር የሚዘራ እብድ አይቼ አላውቅም» አለ።

«አሁን አየህ» አልኩት።

መስከረም ዘጠኝና አሥር ዘራን። ጭምቱ አፈሩን በመከስከሻ አላላው፤ እኔ ዘሩን በእጄ በተንኩ። ሣሩን ለብቻ፣ የማገጡን ፍሬ ደግሞ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ፣ እንዳይከማች። አንድ ጊዜ በርዝመቱ ሄድኩ፣ አንድ ጊዜ በወርዱ። ከኋላዬ ጭምቱ መዳመጫውን እየጎተተ ይከተላል፤ ማገጥ በጥልቅ ከገባ አይወጣም፣ ከአፈሩ ጋር መጫን ብቻ ነው የሚፈልገው። መሀል መስክ ላይ ስደርስ በእያንዳንዱ እርምጃ ያ ሽታ መጥቶ ይሄዳል። እውነት ይሁን አፍንጫዬ ውስጥ የቀረ አላውቅም። ደስታ አልተሰማኝም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲጨረስ ሰው ቀለለኝ ይላል፤ እኔን አልቀለለኝም። የታመመ ሰው አንሶላ የቀየርኩ ነው የመሰለኝ። መደረግ ያለበት ነገር ነው፣ ይደረጋል፣ እጅ ይታጠባል።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። አሁን በቅሏል። ሣሩ እንደ ፀጉር ቀጥ ብሎ፣ ማገጡ ከሥሩ ሁለት ሁለት ቅጠል አውጥቶ። ውርጩ እስኪመጣ አንድ ሦስት ሳምንት ካገኘ ይይዛል ብሎኛል ዘር ሻጩ።

ከመሥሪያ ቤቱ የሚሞላ ቅጽ ልከውልን ነበር። የመሬቱ ባለቤት ይፈርም የሚለው ላይ አባትሽ አልፈርምም አለ፤ እኔ ፈረምኩ። ወረድ ብሎ «ስለ ብክለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳወቀው ሰው ስም» ይላል። ደዋይዋ እኔ ስለሆንኩ ባለሙያዋ የእኔን ስም በእርሳስ ጽፋበት ነበር። በላጲስ አጠፋሁና ያንቺን ሙሉ ስም በቀለም ጻፍኩ። ቀኑንም ጻፍኩ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያለውን። መልሳ ስልክ ደውላ «ቀኑ ተሳስቷል?» አለችኝ። አልተሳሳተም አልኳት። «ታዲያ ያኔ ለምን እርምጃ አልተወሰደም?» አለችኝ። ለዚያ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም፣ በቃሌ ነገርኳት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እስካሁን ያዞርኩሽ እሱን ላለመጻፍ ነው።

የጉድጓዱ ውሃ ውጤት መጥፎ ሆነ። ቆሻሻው ከተደፋ ወዲህ ከጉድጓዱ የጠጣ ሁሉ ደሙን ይመርመር ተብሏል። አባትሽና እኔ ባለፈው ሳምንት ተመርምረን ትናንት ውጤቱ መጣ። የአባትሽ ደህና ነው፤ እሱ መቼ ውሃ ይቀምስና። «አየሽ፣ ምንም የለም» ብሎ ወረቀቱን እያሳየኝ ዋለ። የእኔ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር አለው አሉ፣ በየወሩ ተመላለሺ ብለውኛል። እሱን ተይው። አንቺ ግን እስክትሄጂ ድረስ ሁለት ወር ሙሉ ጠጥተሻል፣ በወንዙም ታጥበሻል። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የሚመረመረው ነገር ስም ባለሙያዋ በጻፈችው ወረቀት ላይ አለ፤ ከዚህ ጋር አጥፌ አድርጌዋለሁ። ደብዳቤውን ብትቀጂው እንኳ እሱን አትቅደጂ።

ሐኪሙ ስለ ውሃው መጠየቁ አይቀርም። ጣዕሙ አልተለወጠብሽም ነበር ወይ ይልሻል። ተለውጦ ነበር። አንቺም ነግረሽኝ ነበር፤ «እማ፣ ውሃው ብረት ብረት ይላል» ብለሽ። እኔም ቀምሼው ነበር፣ ከየት እንደመጣም አውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰሮሽ ውስጥ ሎሚ መጭመቅ ጀመርኩ። ዘወትር ጠዋት፣ አንድ ሎሚ ለሁለት ከፍዬ። አንቺም ወደድሽው። ለሐኪሙ ይሄንንም ንገሪው፤ እናቴ ሎሚ ጨምቃ አጠጣችኝ በዪው።

የምትነጂው መንገድ ሁሉ ይቅናሽ። የጫንሻቸው ሁሉ በሰላም ይውረዱ። ጉበትሽም ኩላሊትሽም ያንቺ ይሁን፣ የእኛ እጅ ያላረፈበት። ውጤቱን ለእኔ መጻፍ ካልፈለግሽ ለአክስትሽ ንገሪያት፤ እሷ አንድ ቃል ብቻ ትበለኝ።

እናትሽ